የቃሬዛው የታች ጫፍ

ዶክተር መቅደስ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እነሱ አዞረችው። እናናየሁ ያየችው ግራጫና ጥቁር ምስል ነው፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልለየችውም። ቆይታ ስታስተውል የሰው አከርካሪ ከጎን በኩል ታያት። አጥንቶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ በየመካከላቸው ጠፍጠፍ ያለ ነገር ገብቷል። የባሏ ጀርባ ነው። ሲያመው በቅቤ ያሸችው፣ በክረምት ብርድ የተጠጋችው ጀርባ ውስጡ ይህን ይመስላል ብላ አስባ አታውቅም።

«በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮች ይባላሉ» አለች ዶክተሯ። «ስንራመድና ስንሸከም ጫናውን የሚያበርዱልን እነሱ ናቸው። ጤነኛ ዲስክ ውኃ ይይዛል፤ በዚህ ዓይነት የኤምአርአይ ምስል ላይ ደግሞ ውኃ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከላይ ያሉትን ይዩ፤ መሀላቸው ነጭ ነው። አሁን ጣቴን ይከተሉ።»

ጣቷ ወደ ታች ወረደ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥቁር ናቸው። ከሁሉም በታች ያለው ከላይኞቹ ይልቅ ሳስቷል፤ ጠርዙም ወደ ኋላ ገፍቶ ወጥቷል።

«ደርቀዋል ማለት ነው?» አለ ባየው።

«ውኃቸው ቀንሷል፣ ቁመታቸውም ቀንሷል። ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ እንሰጣቸዋለን፤ ይሄ የታችኛው አራት ነው። ወደ ኋላ የወጣው ጠርዝ ነርቩን ነክቶታል። እግርዎ ላይ የሚወርደው ሕመም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።»

«መጀመሪያ በራጅ ሲያዩኝ ግን ምንም የለህም ነው ያሉኝ።»

«ራጅ አጥንትን ነው የሚያሳየው። አጥንትዎ ደህና ነው። ይሄን አያሳይም። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«እርሻ።»

«ከባድ ነገር ይሸከማሉ?»

«ሰው እሸከማለሁ» አለ ባየው።

ዶክተሯ ዓይኗን ከምስሉ አነሳች። ባሏ ማብራራት እንደማይወድ ስለምታውቅ የቀረውን እናናየሁ ነገረቻት። ቤታቸው ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ከሚወርደው መንገድ በታች፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። መኪና አይገባም። ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ ዳገቱን ይወጣሉ፤ አምቡላንሱ መንገድ ዳር ይጠብቃል። በቃሬዛ ማኅበሩ እያንዳንዱ ቤት አንድ ትከሻ ያዋጣል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። ዳገት ሲወጣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይሆናሉ፤ አለበለዚያ ቃሬዛው ያዘነብልና በሽተኛው ወደ እግሩ ይንሸራተታል። በመንደሩ ደግሞ ከባየው የሚረዝም ሰው የለም። ሌሎቹ በየመታጠፊያው ሲቀያየሩ እሱን የሚቀይር አይገኝም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የቃሬዛውን የታች ጫፍ የያዘው እሱ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈውም እዚያው ነው።

ዶክተሯ የእናናየሁን ሆድ አየችው። ገና መግፋት መጀመሩ ነበር።

«ለጊዜው አይሸከሙ» አለች። «በተለይ በዳገት። የማሳይዎትን እንቅስቃሴ በየቀኑ ይሥሩ። ከጥቅምት በኋላ ይምጡና እናያለን። ሽንት እምቢ ካለዎት ወይም እግርዎ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ይምጡ።»

«ከተሸከምኩስ?»

«ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። የበለጠ ሊወጣም ይችላል። ምስሉ ያንን አይነግረኝም። እንዲህ ያለ ዲስክ ይዘው ምንም የማያማቸው ሰዎች በየሳምንቱ አያለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ፎቶ ምን ጠቀመ?»

«ሌላ ክፉ ነገር እንደሌለ ነግሮናል። ነርቩ የት ላይ እንደተነካም አሳይቶናል። ከዚያ በላይ ከጠየቅነው እየገመትን ነው የምንመልሰው።»

ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ ባየው ፊልሙ ያለበትን ትልቅ ፖስታ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሚኒባሱ በጉም ውስጥ ነበር የሚሄደው። ብዙ ከሄዱ በኋላ ብቻውን ሳቀ።

«ምን አገኘህ?» አለችው።

«የፎቶው መኪና ውስጥ ሲያስገቡኝ፣ አልጋው ራሱ እየተንሸራተተ ነው ይዞኝ የገባው። ስንቱን አስተኝቼ እኔ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ጩኸቱ የወፍጮ ቤት ነው እንጂ፣ ቃሬዛነቱስ ደህና ቃሬዛ ነው።»

ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። እናናየሁ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በምጥ ነው። ያኔም በቃሬዛ ነበር የወጣችው፤ የታች ጫፉን ባየው ይዞ። የቀበሌዋ የጤና ባለሙያ ይህኛውን ልጅ ሆስፒታል መውለድ እንዳለባት ነግራታለች። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ ትከሻ ላላዋጣ ቤት ቃሬዛ አይነሳለትም። መሸከም ያልቻለ ሰው ወንድሙን ወይም ልጁን ይተካል። ባየው ወንድም የለውም።

ማኅበሩ በእሑድ በጋሽ ወልደኪዳን አውድማ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ ወልደኪዳን የማኅበሩ ዳኛ ናቸው። ሴቶቹ ከአጥሩ በኩል ቆመዋል። ባየው ተነስቶ ወገቡን እንደታመመ፣ እንዳይሸከምም ሐኪም እንዳዘዘው ተናገረ። ከዚያ ፖስታውን ከፍቶ ፊልሙን አወጣ።

ጋሽ ወልደኪዳን ፊልሙን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት። ወንዶቹ ከበቧቸው።

«የቱ ነው የታመመው?»

«ከታች ጥቁር ጥቁሩ።»

«ሁሉም ጥቁር ነው እኮ» አለ ፍሥሐ። ፍሥሐ ከእናቱ ከወይዘሮ ሸዋዬ ጋር ከወንዙ ማዶ ይኖራል፤ አጭርና ጠንካራ ነው፤ ዘወትር ከፊት የሚሸከመው እሱ ነው።

«ገልብጠው ይዘውት ነው ጋሼ» አለ ሁሴን። «ባየውን በጭንቅላቱ አቆሙት።»

ሳቅ ሆነ። ጋሽ ወልደኪዳን ፊልሙን አዙረው ያዙ። ሁሴን ከባየው ቀጥሎ ረጅሙ ሰው ነው፤ የታች ጫፉን ሁልጊዜ አብረው ይይዛሉ።

«እንዲህማ ከሆነ» አለ ሁሴን፣ «ወላሂ የኔም ጥቁር ነው። ፎቶ ያነሳኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ እኔም ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ የምነሳው በአራት እግሬ ነው።»

«የሁላችንም ጥቁር ነው» አለ ፍሥሐ። አልሳቀም። «ወገቡን የማያመው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ሁላችን ደብረ ብርሃን ሄደን ፎቶ ተነስተን ብንመጣ ማን ሊሸከም ነው?»

ጋሽ ወልደኪዳን ወደ ባየው ዞሩ።

«ሐኪሟ ምን አለችህ? እንዳለችው ንገረን። ብትሸከም ምን ትሆናለህ?»

እናናየሁ ከአጥሩ በኩል ባሏን አየችው። ዶክተሯ ያለችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች። ምንም ላይሆኑ ይችላሉ።

«ይበጠሳል አለችኝ» አለ ባየው። «ከተሸከምክ ዲስኩ ይበጠስና ሽባ ትሆናለህ ነው ያለችኝ።»

ከንፈር መጠጡ። አጠገቧ የቆመችው ሴት የእናናየሁን ክንድ ያዘቻት። እናናየሁ ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች። ምንም ላልሆን እችላለሁ ብሎ ቢናገር ኖሮ ማንም እንደማይለቀው ገብቷታል። ሆዷም ገፍቷል። ዝም አለች።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተመካክረው ፈረዱ። ባየው ቃሬዛ አይዝም፤ የበሽተኛውን ስንቅና ልብስ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ቤቱ ከማኅበሩ አይወጣም። የታች ጫፉን ከሁሴን ጋር ኃይለ ገብርኤል ይያዝ ተባለ። ኃይለ ገብርኤል ትከሻው የሁሴን ብብት ላይ ነው የሚደርሰው፤ ሌላ ግን አልተገኘም።

ባየው ዶክተሯ ያሳየችውን እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት ጀመረ። ቁርበት ላይ በጀርባው ተኝቶ አንድ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፣ ከዚያ ሌላውን። በሆዱ ተኝቶ በክንዱ ቀና ይላል። እናናየሁ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር፤ ኋላ ግን በሩን ትዘጋለት ጀመር፤ ጎረቤት አይቶ ሌላ ወሬ እንዳያወጣ። ለመስከረም ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት ከቁርበቱ ተነስቶ እግሩን አነሳ፣ አወረደ፣ ደግሞ አነሳ።

«ለቀቀኝ» አላት።

«ምኑ?»

«እግሬ። የሚወርደው ነገር የለም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም።»

«ተመስገን» አለች። ደስታዋን ግን ወዲያው ሌላ ነገር ተከተለው።

«ልንገራቸው?» አላት።

«ከጥቅምት በኋላ እናያለን ነው ያለችህ። ሐኪሟ ሳታይህ ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

እውነቷን ነበር። ይበጠሳል የተባለ ነገር በአንድ ክረምት አይገጥምም። ሰውነቱን ሳይሆን ንግግሩን ነው አሁን ማዳን ያቃተው። ባየው ቁርበቱን ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ ያንን ነገር ደግመው አላነሱትም።

በመስቀል ሰሞን ወይዘሮ ሸዋዬ ደረታቸውን ታመሙ። ከኮረብታው ላይ ሰው «ቃሬዛ! ቃሬዛ!» ብሎ ተጣራ፤ ወንዶቹ የያዙትን ጥለው ሮጡ። ባየውም ሄደ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ የሸዋዬን ነጠላ ጫማ በእጁ እንደያዘ ነበር። እዚያው አስቀምጦላቸው መምጣት ረስቶ ነው።

«ምን ሆኑ?» አለችው እናናየሁ።

«ደረታቸው ደህና ነው፤ መድኃኒት ተሰጣቸው። ዳገቱ መሀል ጠባቡ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቃሬዛው አዘነበለ። ኃይለ ገብርኤል አልደረሰም፤ ትከሻውን አነሳ፣ አነሳ፣ አልደረሰም። ተንሸራተው ወደቁ። ክንዳቸው ተሰብሯል።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከኋላ ነበርኩ። ጫማቸውን ይዤ።»

ጫማውን በማግስቱ እናናየሁ ወሰደችላቸው። ፍሥሐ በር ላይ ተቀብሏት «እግዜር ይስጥልን» አለ፤ ግቢ አላላትም።

እናናየሁ ወደ አንኮበር ወጥታ በእናቶች ማቆያው ቀኗን ልትጠብቅ ነበር ያሰበችው። ልጁ ግን ቀድሞ መጣ። አንድ ጠዋት ውኃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ምጡ ያዛት፤ ትንሽ ቆይቶም ደም አየች። ባየው ወደ ኮረብታው ሮጦ ተጣራ። ድምፁን ስትሰማ የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆን ብላ አሰበች።

መጡ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ፍሥሐ ነው። ቃሬዛውን ከማኅበሩ ቤት ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነበር። ጠፍሩን አጥብቆ አሰረ፣ በጉልበቱ ተጭኖ ሞከረው፣ ከዚያ በእጁ እያመለከተ «በዚህ በኩል ራሷን» አለ። ባየውን ቀና ብሎ አላየውም። ባየው «እግዜር ይስጥህ ፍሥሐ» ቢለው «ለማኅበሩ ነው» ብሎ መለሰ።

መንገድ ጀመሩ። እናናየሁ በጀርባዋ ተኝታ ሰማዩን ነበር የምታየው። በሜዳው ደህና ነበር። መንገዱ ሽቅብ ሲቆም ግን ሰማዩ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ሰውነቷ ወደ እግሯ መንሸራተት ጀመረ። በሁለት እጇ እንጨቱን ያዘች። ምጡ ሲመጣ እጇ ይለቃል፣ ሲሄድ ትይዛለች። ከሥሯ ኃይለ ገብርኤል ሲያቃስት ይሰማታል።

«ከፍ አድርገው እንጂ» ይላል ሁሴን።

«ከዚህ በላይ ከየት ላምጣ፤ እግር ልቀጥል?»

«እየተንሸራተተች ነው፤ ያ ሐፊዝ!»

ጠባቡ ድንጋይ ጋ ደረሱ። በግራ በኩል ገደል ነው። ቃሬዛው በአንድ ማዕዘን ዝቅ አለ። እናናየሁ እግሯ ከጠፍሩ አልፎ ባዶ ሲረግጥ ተሰማት። አልጮኸችም፤ ትንፋሽ አልነበራትም። ከዚያ አንድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማች፤ የልብሷና የስንቋ ከረጢት ነበር።

«ልቀቅ» አለ ባየው።

«ባየው፣ ወገብህ» አለ ኃይለ ገብርኤል።

«ልቀቅ አልኩህ፤ ውጣ።»

ቃሬዛው ተነሳ፤ ቀጥ አለ። ሰማዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ ከእግር ኮቴ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እናናየሁ ምጧን ትታ የባሏን ትንፋሽ አዳመጠች። አንድ ነገር ሲሰበር እሰማለሁ ብላ ጠበቀች። ትንፋሹ እኩል ነበር።

ከፊት ያለው ፍሥሐ ሸክሙ እንደተለወጠ ገብቶት ሳይዞር ጠየቀ።

«ከታች ማን ነው የገባው?»

«ባየው ነው» አለ ሁሴን ቀስ ብሎ።

ጥቂት ሄዱ።

«አይበጠስም?» አለ ፍሥሐ።

ባየው ቃሬዛውን በትከሻው ላይ አመቻቸ። ጋሽ ወልደኪዳን ከጎን ሆነው «ሂዱ፣ ሂዱ፣ ሴትዮዋን አድርሱ» አሉ። ሳያርፉ እስከ መኪናው መንገድ ወጡ።

በደብረ ብርሃን በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ትንሽ ናት፣ ግን ታለቅሳለች፣ ትጠባለች። ባየው የሆስፒታሉን ደረጃ በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አጥሚቱን ያመጣል፣ ልብሱን ይወስዳል። እናናየሁ አልጋዋ ላይ ሆና አካሄዱን ትመለከታለች። እግሩን አይጎትትም። ወገቡን አይዝም። ጎንበስ ብሎ ሕፃኗን ሲያነሳ ፊቱ አይጨማደድም። በሦስተኛው ቀን በመስኮት ወደ ግቢው ስትመለከት ቀጥ ብሎ ሲመጣ አየችው፤ ምነው ትንሽ ባነከሰ ብላ አሰበች። ያሰበችው ነገር አስደነገጣት። ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲወጡ የዶክተር መቅደስ ቀጠሮ ስለደረሰ ሕፃኗን ይዘው ወደዚያ ሄዱ። ዶክተሯ ባየውን አስተኝታ እግሩን ቀጥ አድርጋ አነሳች፤ በተረከዙ፣ ከዚያ በጣቶቹ አስሄደችው።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ነርቩ ተሽሎታል።»

«ሌላ ፎቶ አንሽኝ» አለ ባየው።

«ለምን? አያስፈልግዎትም።»

«ለሰው የማሳየው እፈልጋለሁ።»

«ምን እንዲያሳይልዎ?»

ባየው መሬት መሬት እያየ ነገራት፤ በአውድማው ላይ የተናገረውን፣ የሸዋዬን ክንድ፣ የጠባቡን ድንጋይ። ጥፋቱን ከራሱ ላይ አላወረደም። ዶክተሯ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ያኔ አሞዎት ነበር» አለች። «እኔ መርምሬ አውቃለሁ። ዛሬ ባነሳዎት ግን ያ የታችኛው ዲስክ ያው ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ደርቆ የነበረ ዲስክ ውኃው አይመለስም። ሲያምዎትም፣ ሳያምዎትም ፎቶው አንድ ዓይነት ነው። ያኔ እውነት ተናግረው እንደነበር ወይም እንዳልነበር ለጎረቤትዎ የሚነግር ምስል የለኝም።»

«አሁንስ ልሸከም?»

ዶክተሯ ስክሪኑን አየች፤ የድሮው ምስል እንደተከፈተ ነበር።

«ዳገት ላይ፣ ሰው፣ በታች በኩል፣ ቀያሪ ሳይኖር» አለች። «አይሸከሙ ነው የምለው። አንድ ጊዜ ተሸክመው ምንም አልሆኑም። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ይሆናል ብዬ ግን አልፈርምልዎትም።»

አመስግነዋት ወጡ።

መንደር ሲደርሱ ክፉ ቃል የተናገራቸው ሰው የለም። ሴቶቹ ገንፎ አገንፍተው መጡ፣ እልልታውም እንደ ደንቡ ተባለ። ሁሴን ከአሊዩ አምባ ገበያ ለሕፃኗ ልብስ ገዝቶ «አላህ ያሳድጋት፤ ቁመቷን ግን ወደ እናቷ ያድርግላት፤ ረጅም ሰው እዚህ አገር መከራው ብዙ ነው» አለ። ባየው ፈገግ አለ። ፍሥሐ አልመጣም።

ወይዘሮ ሸዋዬ መጡ። ክንዳቸው ገና በነጠላ እንደታሰረ ነው። ሕፃኗን በአንድ እጃቸው ሊያቅፉ ሞከሩና አልሆነላቸውም፤ እናናየሁ ጭናቸው ላይ አስተኛችላቸው። ሕፃኗን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ባየው ወገቡ እንዴት ሆነለት?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ማንኛውም ሰላምታ ነበር።

«ደህና ነው» አለች እናናየሁ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት።

ሸዋዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደህና ይሁን» አሉ፤ በደህናው እጃቸውም የሕፃኗን ግንባር ዳሰሱ።

የክርስትናው ቀን ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት ባየው በረት ሲጠርግ፣ ከኮረብታው ላይ ጥሪው ተሰማ። «ቃሬዛ! ቃሬዛ!» የማን ቤት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ባየው መጥረጊያውን አቁሞ ወደ በሩ መጣ። አልገባም፤ ደፉ ላይ ቆሞ እናናየሁን አያት። ሊጠይቃት እንደሆነ አወቀች። አትሂድ ብትለው እንደሚቀር፣ ሐኪሟ ከልክላዋለች ብላ ራሷ ወጥታ ልትናገርለት እንደምትችልም አወቀች። ያ ደግሞ እውነት ነበር። ይህኛው እውነት ነው ብትል የሚያምናት ሰው ግን አልነበረም።

ሕፃኗን አልጋው ላይ አስተኛች። ከመደቡ ላይ አሮጌ ጋቢ አንስታ አራት ቦታ አጠፈችው። ባየው እንድትደርስበት ጎንበስ አለላት፤ የቃሬዛው እንጨት በሚያርፍበት ትከሻው ላይ አድርጋ በእጇ ጫን ጫን አደረገችው።

«ቀስ ብለህ ሂድ» አለችው።

ቃሬዛ ይዞ ቀስ ብሎ የሄደ ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። «እሺ» አለና ዳገቱን ጀመረ።